ሕጉ ከወጣ ወዲህ ቅስቀሳው ለምን?

በሰፈር ስብሰባ፣ በዕድር ድንኳን ሥርና በፋብሪካ በር ላይ የሴቶች ጉዳይ በተነሣ ቁጥር አንድ ዓይነት መልስ ሲሰነዘር ይደመጣል። «የሴቶች እኩልነት እኮ በሕግ ተረጋግጧል፤ ሕገ መንግሥቱ ጽፎታል፣ የቤተሰብ ሕጉ ጽፎታል፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ጽፎታል፤ ሴት ሚኒስትርም ሴት ፕሬዚዳንትም አይተናል፤ ታዲያ ከዚህ ወዲያ መቀስቀሱ፣ ማኅበር ማቋቋሙ፣ የካቲት 29 በመጣ ቁጥር አደባባይ መውጣቱ ለምን አስፈለገ?» የሚል ነው። ይህን የሚሉት ሁሉ የሴቶችን መብት የሚጠሉ አይደሉም። ከመካከላቸው ሴት ልጆቻቸውን አስተምረው ለቁም ነገር ያበቁ አባቶች፣ ከሚስቶቻቸው ጋር ተመካክረው የሚያድሩ ሠራተኞች፣ እንዲያውም ራሳቸው ሴቶች ይገኙባቸዋል። ስለሆነም አባባሉን በዘለፋ ሳይሆን በተጨባጭ ማስረጃ መመርመር ተገቢ ነው እንላለን።

በቅድሚያ ሊካድ የማይገባውን እንመን። የተገኘው የሕግ ድል ታላቅ ነው። ታላቅነቱን ለመረዳት ወደ ኋላ ብዙ መጓዝ አያስፈልግም፤ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ መግለጥ ይበቃል። በዚያ ሕግ ባል የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ነው፤ ሚስት እርሱ በሚያዛት ሕጋዊ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው ይገባል፤ የሚኖሩበትን ቤት የሚመርጠው እርሱ ነው። ወንድ 18 ዓመት ሳይሞላው አያገባም፤ ሴት ግን በ15 ዓመቷ ልትዳር ትችላለች። ባል ለሚስቱ የቤት ሠራተኛ ለመቅጠር አቅም ያጣ እንደሆነ የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራ ሕጉ ያስገድዳት ነበር። የአገልጋይ ደመወዝ ስሌት በጋብቻ ሕግ ውስጥ መግባቱን አንባቢያችን ልብ ይሏል! ከዚያም በፊት የወጣው የ1949 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ ያገባ እንደሆነ ከክስ የሚያመልጥበትን በር ትቶለት ነበር።

ዛሬ እነዚህ አንቀጾች የሉም። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ደንግጓል፤ በታሪክ የወረሱት በደል ስለ ተጽዕኖው ልዩ ድጋፍ እንዲደረግላቸውም አዟል። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን በትዳር አስተዳደር እኩል አድርጎ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም 18 አደረገው። በ1996 የወጣውና በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ጠላፊን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል፤ በኋላ የተፈጸመ ጋብቻም ከቅጣት አያድነውም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ለወላድ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጣል፤ በሥራ ቦታ የሚደረግን ወሲባዊ ትንኮሳና ጥቃት ይከለክላል። ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ያለ እውነት ነው።

ይሁንና «ሕጉ ወጥቷል» የሚለው አነጋገር ራሱ ስውር ስሕተት ያዘለ ነው። ሕግ እንደ ማሽላ እሸት ጊዜው ሲደርስ ብቻውን የሚወጣ አስመስሎ ያቀርበዋል። የታሪኩ ሂደት ግን ይህን አይመሰክርም። ሕገ መንግሥቱ ወንድና ሴት በትዳር እኩል ናቸው ብሎ ከደነገገ በኋላ ባል አስተዳዳሪ፣ ሚስት ታዛዥ ናት የሚለው የ1952 ሕግ ለ5 ዓመታት ያህል ሳይሻሻል ቆይቷል። የበላዩ ሕግ እኩል ያደረጋትን ሴት የበታቹ ሕግ ታዛዥ አድርጎ ያኖራት ነበር ማለት ነው። ቅራኔውን የፈታው የቀን መለወጥ አይደለም። በዚያው ዘመን የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አባላት አንቀጽ ከአንቀጽ እያነጻጸሩ፣ መድረክ እያዘጋጁ፣ ችሎት ፊት ነፃ ጥብቅና እየቆሙ፣ የሕግ አውጪውን በር እያንኳኩ ጉዳዩን ስላላስተኙት ነው። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ከ2011 እስከ 2015 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው መሥራታቸው ይታወሳል። እንደዚያም ሆኖ የ1992ቱ ሕግ በቀጥታ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ብቻ ነበር፤ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ እስኪያወጡ ድረስ ደግሞ ዓመታት ወስዷል።

ማኅበሩ ጥብቅና ከቆመባቸው ጉዳዮች አንዱ በአርሲ የተፈጸመው ነው። በ1989 አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ተደፈረች፤ ለማምለጥ ስትሞክር በጠላፊዋ ላይ ተኩሳ ገደለችው። በግድያ የተከሰሰችው እርሷ ናት። የአካባቢው ልማድ ጠለፋን የጋብቻ መንገድ አድርጎ ያይ ስለነበር በብዙዎች ዓይን የተበደለው ሟች ነው። ከሁለት ዓመት ያህል ክርክር በኋላ ፍርድ ቤቱ ራሷን መከላከሏን ተቀብሎ በነፃ አሰናበታት። ራስን የመከላከል መብት በዚያን ጊዜ አዲስ የወጣ ሕግ አልነበረም፤ በ1949ኙ ሕግ ውስጥ ለሁሉም ሰው ተጽፎ የኖረ ነው። ለአንዲት የገጠር ልጅም እንደሚሠራ በችሎት ቆሞ የሚናገርላት ጠበቃ እስክታገኝ ድረስ ግን ለእርሷ እንዳልተጻፈ ይቆጠር ነበር።

ከዚህም ቀደም ያለውን እንመልከት። የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ መሬት «ያለ ጾታ ልዩነት» ማረስ ለሚፈልግ ሁሉ እንዲሰጥ የሚያዝ ነበር። ያለ ጾታ ልዩነት! በዚያን ዘመን ከዚህ የተሻለ ቃል የያዘ የመሬት ሕግ በብዙ አገር አይገኝም። ይሁን እንጂ መሬቱን የሚደለድሉት የገበሬ ማኅበራት የመዘገቡት አባወራውን ነው። ሚስት በባሏ ስም ውስጥ ተጠቅልላ ገባች፤ ሲፋታትም እንደ ተጠቀለለች ወጣች። ቃሉ ትክክል ነበር፤ መዝገቡን የያዘው እጅ ግን የቀድሞው ልማድ እጅ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥ የባልና የሚስት ስም በአንድነት እንዲጻፍ፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ እንዲለጠፍ ተደረገ። አንድ ትንሽ ፎቶግራፍ «ያለ ጾታ ልዩነት» ከሚለው ታላቅ ሐረግ የበለጠ ሥራ የሠራበትን ምክንያት የቀበሌ ሰው ያውቀዋል፤ ደብተሩን ይዞ ለክርክር የሚቀርብ ባል የሚስቱን ፊት ከገጹ ላይ ሊክድ አይችልም።

በ1972 የተቋቋመውን የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበርንም በዚህ አጋጣሚ ማንሣት ያስፈልጋል። አባላቱን በየቀበሌው አደራጅቶ ብዙ ሴቶችን ለመጀመሪያ ጊዜ ከማዕድ ቤት ወደ ስብሰባ አውጥቷል፤ ይህን መካድ ፍርደ ገምድልነት ነው። ነገር ግን መመሪያን ከላይ ወደ ታች ማውረድ እንጂ ብሶትን ከታች ወደ ላይ ማውጣት ዋና ሥራው አልነበረም። በ1983 ሥርዓቱ ሲወድቅ አብሮት መፍረሱ ከዚህ የመነጨ ነው። ቅስቀሳ ስንል እንግዲህ ሰልፍ አስይዞ መፈክር ማስነበብን ማለታችን አይደለም።

ሕጉ እንዳለ ሆኖ ድምፁ ቢጠፋ ምን እንደሚሆን ለማወቅ መላ ምት አያስፈልገንም፤ በአገራችን በተግባር ታይቷል። ከላይ የጠቀስነው የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በ1994 መግቢያ ላይ ለጥቂት ሳምንታት ታግዶ ነበር፤ ያ ቶሎ አለፈ። የከበደው በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ነው። ይህ አዋጅ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ማኅበራት በሰብአዊ መብትና በጾታ እኩልነት ላይ እንዳይሠሩ ከለከለ። ማኅበሩ አብዛኞቹን ሠራተኞቹን ለማሰናበት ተገደደ። አዋጁ በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1113 እስኪተካ ድረስ 10 ዓመት አለፈ። በእነዚያ 10 ዓመታት የቤተሰብ ሕጉ አልተሻረም፤ የወንጀል ሕጉ አልተሻረም፤ አንቀጽ 35ም በቦታው ነበር። የቀነሰው ሕጉን ይዞ ከተበዳይዋ ጋር ፖሊስ ጣቢያ የሚሄደው ሰው ነው። ነፃ ጥብቅና ፍለጋ የመጣች ሴት የተዘጋ በር ስታገኝ አንቀጹ ምን ይሠራላታል?

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ችግር አይደለም። ከጥቅምቱ አብዮት በኋላ ሶቪየቶች ሴቶችን በሕግ እኩል በማድረግ ዓለምን ቀደሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1919ም ጄኖትዴል የተባለ የሴቶች ክፍል በፓርቲው ውስጥ አቋቋሙ። ክፍሉ እስከ መካከለኛው እስያ ድረስ ዘልቆ ሴቶችን ሲያነቃ ቆየና እ.ኤ.አ. በ1930 ተዘጋ። የተሰጠው ምክንያት የሴቶች ጥያቄ በመሠረቱ ስለ ተፈታ የተለየ ክፍል አያስፈልግም የሚል ነበር። ከ6 ዓመት ያህል በኋላ እ.ኤ.አ. በ1936 የወጣ ሕግ ፍቺን አከበደ፤ ፅንስ ማቋረጥን ከለከለ። ቀድሞ የሚሟገተው ክፍል ከተዘጋ ወዲህ «አይሆንም» ብሎ የሚቆም የተደራጀ አካል አልነበረም። «ጥያቄው ተፈቷል» የሚለው ቃል ከጠላት አፍ ይልቅ ከወዳጅ አፍ ሲወጣ የበለጠ እንደሚጎዳ ይህ ታሪክ ያስረዳል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ከጎሮ ወዲያ የሚገኘው ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ በመንግሥት ተገንብቶ ከ2006 ገደማ ጀምሮ አምራቾችን የተቀበለ፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ 20 የፋብሪካ ሼዶች ያሉት፣ በአብዛኛው ልብስና ጫማ ለውጭ ገበያ የሚሰፋበት ሥፍራ ነው። ከሠራተኞቹ እጅግ የሚበዙት ወጣት ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹ ከገጠርና ከትንንሽ ከተሞች የመጡ፣ አንድ ክፍል ለሁለትና ለሦስት ተከራይተው የሚኖሩ፣ ከደመወዛቸው ቀንሰው ለወላጅ የሚልኩ ናቸው። በአገራችን ታሪክ ይህን ያህል ሴት በአንድ ግቢ፣ በአንድ ሰዓት፣ በደመወዝ ተቀጥሮ ሲሠራ የታየው በቅርብ ጊዜ ነው። ከአባት ቤት ወደ ባል ቤት ብቻ ትሄድ የነበረች ልጅ በመካከሉ የራሷን ገንዘብ የምትይዝበት ዘመን ማግኘቷ በራሱ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ፋብሪካን በጅምላ የሚያወግዙ ሰዎች ይህን ባይዘነጉ መልካም ነው።

እንግዲህ በዚያ ከሚሠሩት አንዲት ወጣት እንውሰድ። ስም አንሰጣትም፤ በስፌት መስመር ላይ የተሰለፈች፣ ቀጥሎም ያረገዘች ማንኛይቱም ሠራተኛ ልትሆን ትችላለች። ሕጉ ምን ይላታል? ነፍሰ ጡር ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ልትሠራ አይገባም፤ የትርፍ ሰዓት ሥራም አይታዘዝባትም። ከእርግዝናዋ ጀምሮ ከወለደች እስከ 4 ወር ድረስ ከሥራ አትሰናበትም። መልካም ነው። አሁን ሕጉ ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ እርሷ የሚደርስበትን መንገድ እንከተል። መጀመሪያ አንቀጹ መኖሩን ማወቅ አለባት፤ ማን ነገራት? በውሏ ላይ ስትፈርም የተጻፈውን አንብባዋለች ወይስ ጣቷን እንድታሳርፍ የተጠቆመችበትን ቦታ ብቻ ነው ያየችው? ሁለተኛ፣ ውሉ ለተወሰነ ጊዜ ተብሎ የተጻፈ እንደሆነ ማንም አላባረራትም፤ «ውልሽ አልቋል» ተባለች እንጂ። ውል በመሠረቱ ላልተወሰነ ጊዜ እንደ ሆነ የሚቆጠር መሆኑን፣ ለተወሰነ ጊዜ የሚደረገው ሕጉ በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ብቻ መሆኑን ያው አዋጅ ይናገራል። ይህን ግን የሚያውቀው የሕግ ባለሙያ እንጂ የስፌት ሠራተኛዋ አይደለችም።

ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉም ይልቅ ሊያሳስበን ይገባል። ከሥራ የተሰናበተ ሰው ወደ ሥራ ለመመለስ ክስ የሚያቀርበው በ3 ወር ውስጥ ነው፤ ካለፈ ይታገዳል። ለወንዱ ሠራተኛ 3 ወር 3 ወር ነው። ወልዳ ለተኛችው ሴት ግን 3 ወር ማለት ሕጉ ራሱ «ዕረፊ፣ አካልሽ አልጠናም» ብሎ ለወላድ የወሰነው 90 ቀን ነው። ሊወልዱ ቀናት ሲቀራቸው የተሰናበቱትን እንውሰድ፦ ልጅ አቅፋ፣ ኪራይ ተጠይቃ፣ እናቷ ከገጠር መጥታ ልታርሳት ወይም እርሷ ወደ እናቷ ሄዳ ሳለች የክሱ ቀን ያልቃል። በጽሑፍ ለሁሉም እኩል የሆነ የጊዜ ገደብ በተግባር ለአንደኛዋ ብቻ የሚያጥርበት ሁኔታ ይህ ነው። የሕግ እኩልነት የሚፈተነው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ፍርድ ቤት ከሠራተኛ ዳኝነት አይጠይቅም፤ ይህም በሕግ ተጽፏል። የታክሲውን፣ የሕፃኑን ጠባቂና የጠፋውን ቀን ግን ሕጉ አይከፍልም።

የትንኮሳው ጉዳይ ከዚህ የባሰ ነው። አዋጁ ወሲባዊ ትንኮሳ የደረሰባት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን ለቅቃ ካሳ እንድትጠይቅ ይፈቅድላታል። አጥፊው የሥራ ባልደረባዋ ሲሆን ደግሞ ለአሠሪው አመልክታ አሠሪው እርምጃ ሳይወስድ መቅረቱ ይታያል። አንባቢያችን ይመርምር፤ በቀጥታ በእጇ የገባው መሣሪያ ሥራ ማቆም ነው። ከበሩ የምትወጣው ተበዳይዋ ሆነች ማለት ነው። አመልክታ እንድትቆይ፣ የሚወጣው ሌላው እንዲሆን ከተፈለገ ግን አቤቱታውን የሚቀበል ሰው፣ አብሯት የሚመሰክር ባልደረባ፣ «አፏን ከፈተች» ተብላ እንዳትታይ የሚከላከል የሠራተኛ ማኅበር ያስፈልጋታል። ማኅበር ለማቋቋም ሕጉ የሚጠይቀው 10 ሠራተኛ ብቻ ነው። በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ በሚውልበት ግቢ 10 ሰው ማሰባሰብ ቁጥሩ ሳይሆን ድፍረቱ ነው የሚቸግረው፤ ሥራው ነገ ይኖር አይኖር በማይታወቅበት ጊዜ ደግሞ ድፍረቱ ይበልጥ ይመነምናል። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ አገራችን ከአሜሪካው የአጎዋ የገበያ ዕድል ስትወጣ በኢንዱስትሪ ፓርኮች የደረሰው የትዕዛዝ መቀነስና የሠራተኛ ቅነሳ አይዘነጋም። ያን ውሳኔ ያልወሰነችው የስፌት ሠራተኛ ናት፤ ሥራ ያጣችው ግን እርሷ ናት።

ስለ ደመወዝ አጭር ነገር እንበል። በግንቦት 2011 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት በሐዋሳ ፓርክ የልብስ ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበር፣ በባንግላዴሽ ግን 95 ዶላር እንደ ነበር ተገልጿል። በዚያው ዓመት ነሐሴ የወጣው አዋጅ 1156 ዝቅተኛውን የደመወዝ መጠን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ በደንብ እንዲቋቋም አዘዘ። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በተከታዮቹ ዓመታት የሜይ ዴይ በዓል በመጣ ቁጥር ይህንኑ የታዘዘ ነገር ሲያስታውስ መክረሙን ሁላችንም ሰምተናል። ይህ የሁለቱም ጾታ ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን ዝቅተኛው ደመወዝ በሚከፈልበት መስመር ላይ ማን እንደ ተቀመጠ ቆጥረን ስንመለከት የሴቶች ጥያቄ ይሆናል።

አንዳንዶች ደግሞ «ስፌት እኮ ቀላል ሥራ ነው፤ ማንም በሳምንት ይለምደዋል፤ ስለዚህ ክፍያው ማነሱ ከጾታ ጋር አይገናኝም» ይላሉ። ይህ አባባል በእንግሊዝ አገር ዳገንሃም በተባለው የፎርድ መኪና ፋብሪካ ከ50 ዓመት በላይ በፊት ተብሏል። የመኪና ወንበር ልብስ የሚሰፉ 187 ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1968 ሥራቸው ክህሎት የማይጠይቅ ተብሎ በመመደቡ ሥራ አቆሙ። ወንበር የሌለው መኪና አይሸጥምና ፋብሪካው ቆመ። ከወንዶቹ ክፍያ ወደ 92 በመቶ ከፍ ተደረገላቸው፤ በትግላቸውም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1970 የእኩል ክፍያ ሕግ ወጣ። በዓለም የሠራተኛ ታሪክ ይህ እንደ ድል ይተረካል፤ ትረካው ግን ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል። ሴቶቹ መጀመሪያ የጠየቁት የስፌት ሥራቸው ክህሎት መሆኑ እንዲታወቅ ነበር። ይህ የተፈቀደላቸው ሕጉ ከወጣ 14 ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1984፣ ሌላ የሥራ ማቆም አድማ ካደረጉ በኋላ ነው። ስፌት ለምን ክህሎት አይባልም? ሴት ልጅ በቤቷ ስለምትማረው፣ በቤት የተማረችውንም ማንም ከፍሏት ስለማያውቅ ነው። ጥልፍ፣ ፈትል፣ ልብስ መጣፍ በእኛም አገር እንደ ሴት ጠባይ እንጂ እንደ ሙያ ሲቆጠር አልኖረም፤ «ባለሙያ ናት» የሚለው ምስጋና ራሱ ዋጋ የማይከፈልበት ነው።

ከዚህ የምንረዳው የልማድ ኃይል ምን ያህል ሥር የሰደደ መሆኑን ነው። በ2008 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ያቀረበው አንድ ጥያቄ ነበረው፤ ሚስት ምግብ ብታሳርር፣ ብትከራከር፣ ሳትናገር ብትወጣ፣ ልጆቿን ቸል ብትል ወይም መኝታ ብትከለክል ባል ቢመታት ተገቢ ነውን? ከ100 ሴቶች 63ቱ ቢያንስ በአንዱ ምክንያት ተገቢ ነው ብለው መለሱ። በ1997 በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ቁጥሩ 81 ነበር። በ2008 ከወንዶቹ እንዲህ ያሉት 28 በመቶ ብቻ ናቸው። ከወንዶች ይልቅ ሴቶች መመታታቸውን መደገፋቸው አንዳንዱን ያስቃል፤ «ራሳቸው ካልጠሉት እኛ ምን አገባን» የሚልም አይጠፋም። እኛ ግን የምናየው ሌላ ነው። ቤቱ፣ ምጣዱ፣ የልጆቹ ቀለብ በባሏ ፈቃድ ላይ ለተንጠለጠለባት ሴት መመታትን እንደ ተራ ነገር ማየት መኖሪያ ዘዴ ነው። ገቢዋ ከራሷ እጅ የሆነች ሴት አስተያየቷ ቶሎ ይለወጣል። ከ81 ወደ 63 የወረደውም ሕግ ስለ ታተመ ብቻ አይደለም፤ በነዚያ ዓመታት በትምህርት ቤት፣ በጤና ኬላ፣ በሬዲዮ የተደረገው ንግግር አለበት።

በዚህ ረገድ በቅስቀሳ ስም የሚደረገውን ሁሉ እንደግፋለን ማለት እንዳልሆነ ይታወቅልን። በዓመት አንድ ቀን አንድ ዓይነት ሻርፕ አድርጎ በሆቴል አዳራሽ ምሳ መብላት፣ በዚያው ዕለት ማታ ለሰልፉ ያሰለፏቸውን ወጣት ሴቶች ያለ ትራንስፖርት መበተን ቅስቀሳ አይደለም። «እኩልነት የፈረንጅ ሐሳብ ነው» የሚሉትንም እነዚህ ድግሶች ይረዷቸዋል። የዳገንሃሟም የአርሲዋም ልጅ የየራሳቸውን ጉዳት ተናገሩ እንጂ ማንም አላበደራቸውም።

ለሰፈር ማኅበራት የምናቀርበው ጉዳይ በጣም ውስን ነው። በጎሮ፣ በአራብሳና በፓርኩ ዙሪያ ያለ ነዋሪ አብዛኞቹ የፓርኩ ሠራተኞች ተከራዮቹ ናቸው። የምሽት ፈረቃ ተለቅቆ ሴቶቹ የሚያልፉበት መንገድ መብራት አለው ወይ? ሰርቪስ አውርዷቸው ከሚቆምበት እስከ ቤታቸው ባለው ርቀት ማን ይቆማል? ያረገዘችን ተከራይ ልጅ ከመጣ በኋላ ቤት አስለቅቃለሁ የሚል አከራይ በዕድሩ ስብሰባ ተጠይቆ ያውቃል ወይ? ትንኮሳ ደርሶባት በወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ያመለከተችን ሴት ከሽማግሌ ጋር አስታርቀን ስንመልሳት፣ ለማን ብለን ነው ያስታረቅነው? በአገራችን ሽምግልና የተከበረ ነው፤ ጠላፊና ተጠላፊን ሲያስታርቅ የኖረውም ይኸው ሽምግልና መሆኑን አንርሳ።

ለሠራተኞቹ ደግሞ፣ ወንዶቹን ጨምሮ፣ የ3 ወሩ ጉዳይ ወደየሠራተኛ ማኅበራቸው አጀንዳ እንዲገባ እናሳስባለን። አዋጁ በሚሻሻልበት ጊዜ ሁሉ የወላድ የክስ ጊዜ ከወሊድ ፈቃዷ ማብቂያ ጀምሮ እንዲቆጠር መጠየቅ የሚቻል ነገር ነው። ለመንግሥት ሠራተኞች በወጣው አዋጅ ቁጥር 1064/2010 በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲቋቋም ተደንግጎ ነበር፤ ለፓርኮቹም ተመሳሳይ ግዴታ እንዲጻፍ መጠየቅ እንዲሁ። እስከዚያው ድረስ በየመስመሩ አንዲት ተወካይ የተሰናበቱትን ነፍሰ ጡሮች ስም፣ የተሰናበቱበትን ቀንና ቀኑ የሚያበቃበትን ቀን በደብተር ብትጽፍ፣ ማኅበሩም ያን ደብተር ይዞ በጊዜው ችሎት ቢቀርብ የሚከለክል ሕግ የለም።